ሊጡ ዝም ሲል

ይድረስ ለልጄ፣ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ለጤናችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። ጓሮው በዝናቡ ለምልሟል።

እሁድ ማታ ስንደዋወል ያልሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። «አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነኝ። እንጀራ መሸጥ በአራት ምጣድ ጀመርኩ፣ ዛሬም አራት ምጣድ ነው ያለኝ። እኩዮቼ የት ደረሱ። እኔ አላደግኩም» አልሽኝ። አንድ ነገር ልልሽ ፈለግኩ፣ ቃሉ አልመጣልኝም። «አይዞሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ የሚያድግ ነገር ማየት ነው። ጤፍ ሲያድግ፣ ገብስ ሲያድግ፣ እንሰት ሲያድግ። ያን ሁሉ ዘመን ያየሁትን ለልጄ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ከምታውቂው ነገር ልጀምር። ማታ የጤፍ ዱቄቱን በውሃ ታሺና እርሾ ትጨምሪበታለሽ። ቡሃቃውን ትከድኛለሽ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ምንም የለም። ሊጡ ዝም ይላል። የማያውቅ ሰው ክዳኑን አንስቶ ቢያየው «ይሄ እርሾ ሞቷል» ይላል። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ግን ሥራ ላይ ናቸው። አዲስ ቤት ገብተዋል። ቤቱን እየለመዱ፣ ዱቄቱን ሰባብረው ለመብላት የሚያስፈልጋቸውን እያሰናዱ ነው። ሲጨርሱ መራባት ይጀምራሉ። አንዱ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ አራት። አራቱ ስምንት። ከአንድ ወደ ሁለት ሲሄዱ ማንም አያያቸውም። ከአንድ ሚሊዮን ወደ ሁለት ሚሊዮን ሲሄዱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ይገፋል። ልብ በይ፣ የመጀመሪያው እርምጃና የኋለኛው እርምጃ እኩል ነው። ሁለቱም ጊዜ የሆነው እጥፍ መሆን ብቻ ነው። የተለየው ለእኛ ዓይን የሚታየው ነው።

ከዚያ ደግሞ ይቆማሉ። ምግቡ ያልቅባቸዋል። ራሳቸው ያወጡት ኮምጣጣ ነገር ያፍናቸዋል። ሊጡ ይረጋል፣ ላዩ ላይ ውሃ ያቀራል። አንቺ ውሃውን ትደፊና አብሲት ትጥያለሽ። ከሊጡ ትንሽ ወስደሽ በፈላ ውሃ አብስለሽ ትመልሽለታለሽ። አዲስ ምግብ አገኙ ማለት ነው፣ እንደገና ይነሳሉ። እናትሽ ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም ቀን ስሙን አልጠራችውም። እ.ኤ.አ. በ1838 ግን ፒየር ፍራንስዋ ቬርሁልስት የሚባል የቤልጅየም የሂሳብ ሊቅ የአገር ሕዝብ እንዴት እንደሚያድግ ሲያሰላ ይህንኑ መስመር ነው የጻፈው። በዝግታ ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ ቦታና ምግብ ሲጠብበት ይረጋል። የአገር ሕዝብና የቡሃቃ ሊጥ አንድ መስመር ላይ መገናኘታቸው እኔን ዛሬም ይገርመኛል።

ያለፈው ፋሲካ የሆነውን አስታውሺ። ትልቅ ትዕዛዝ መጣልሽ። ከዚያ በፊት ያልጋገርሽው ብዛት ነው። ሦስት ቀን የሚፈልገውን ሊጥ በአንድ ሌሊት አውጥተሽ ጋገርሽ። እንጀራው አፍለኛ ሆነ። ዓይን አላወጣም። በማግሥቱ ጠርዙ ተሰነጣጠቀ፣ ግማሹም ተመለሰብሽ። ደውለሽልኝ አለቀስሽ። ያን ቀን የወቀስሽው ራስሽን ነው፣ «አልችልም ማለት ነው» አልሽ። እኔ ግን ያን ቀን የጎደለ ነገር አንቺ ላይ አላየሁም። የጎደለው ሁለት ቀን ነው። ለሊጡ ያልሰጠሽው ሁለት ቀን።

እኔም ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ሠርቻለሁ። ነግሬሽ አላውቅም። በ1979 ዓ.ም. በቾ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በቾ አፈሩ መረሬ ነው፣ ጤፍ ይወዳል። አንድ አባወራ ሁለት ጥማድ የሚሆን ጤፍ ዘርተዋል። ማዳበሪያ ሲጨምሩ ቆጠብ ይላሉ። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ቶሎ የሚታይ ነገር እፈልጋለሁ። ዩሪያውን እጥፍ እንዲያደርጉት ወተወትኳቸው። ሰሙኝ። ጤፉ ተነሳ። ወገብ ደረሰ። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የጎረቤት ሰው እየመጣ ያየው ነበር። እኔም በልቤ ኮራሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሌሊት ከነፋስ ጋር ጣለ። ጠዋት ስንሄድ ማሳው ሁሉ ተኝቷል። ጋሽቧል። የቆመ አንድ ዘለላ አልነበረም። ዘለላው ጭቃ ላይ ተነጥፎ ፍሬው ከሥር መሻገት ጀመረ። ሰውየው አልተቆጡኝም። ጎንበስ ብለው አንድ አገዳ አነሱና በጣታቸው ጨፈለቁት። «ልጄ፣ ቁመት እንጂ ወገብ አላወጣም» አሉኝ። ያን ዓመት ቤተሰቡ ከዘመድ ቀለብ ተበድሯል። ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል።

በኋላ ነገሩን ተማርኩት። ናይትሮጅን ሲበዛለት ጤፍ ወደ ላይ ይሮጣል። አገዳው ይረዝማል፣ ግድግዳው ግን ይሳሳል። ቅጠሉ ስለሚጠቀጠቅ ከሥር ብርሃን አይገባም፣ እያንዳንዱ አገዳ ብርሃን ፍለጋ ጎረቤቱን ለመብለጥ ይጓጓል። ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። ፍሬው ሲከብድ የሚሸከመው ነገር የለም። ጤፍ ድሮም በተፈጥሮው ቀጭን ነው፣ ተመራማሪዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ከሚታገሏቸው ችግሮች ዋናው ይሄው መጋሸብ ነው።

ስለ ተመራማሪዎቹ ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስለምትሸጪው ነገር ስለሆነ ማወቅ አለብሽ። ድሮ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። አበባዋ እጅግ ትንሽ ናት፣ መቼ እንደምትከፈት የሚያውቅ የለም። ሰው ማሳው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ተዘግታ ነው የሚያገኛት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውስጥ ዶክተር ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ማዳቀል ተቻለ። ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ያሉት ሰዎች ቁንጮ የሚባለውን ጤፍ ያወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ማለዳ እስከ ቁንጮ ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። መሃል ላይ ሌሎች ዝርያዎች ወጥተዋል፣ እንደ ቁንጮ አገር ያዳረሰ ግን እኔ አላየሁም። ነጭ ነው፣ ምርቱም ጥሩ ነው። አንቺ ከመርካቶ ከምትገዢው ነጭ ጤፍ ውስጥ ቁንጮ አይጠፋም። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በመርፌ ጫፍ አበባ ሲከፍት እንደነበረ አስቢ። ያን ጊዜ ማንም «እነዚህ ሰዎች አደጉ» አላላቸውም።

አሁን ወደ አራቱ ምጣዶች ልምጣ። ስንት ምጣድ ቢኖርሽ ይሻላል የሚለውን እኔ አላውቅም። ግን ከበቾ በኋላ አዊ ውስጥ የተማርኩትን ልንገርሽ። እዚያ ያለው አፈር ኮምጣጣ ነው። በነገራችን ላይ ከአገራችን የሚታረስ መሬት ወደ 40 በመቶ የሚሆነው የአሲድ ችግር አለበት ይባላል። ገበሬው ገብስ ይዘራል። ይገረጣል። ዳፕ ይጨምራል። ያው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተበድሮ ሌላ ዳፕ ይጨምራል። ገብሱ ስንዝር ያህል ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ማዳበሪያ ማነስ አይደለም። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ጨምድደው ይይዙታል፣ ሥሩም ይደነዝዛል። ያ አፈር የጠማው ኖራ ነው። ኖራ ሲጨመርበት መሬት ውስጥ ተቆልፎ የነበረው ማዳበሪያ ይፈታል። ኖራ ለማግኘት አቅም ያጡት ደግሞ፣ እንደ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያሉት፣ ማሳቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል አከሰሉበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሰው እህል ዘሩበት። እሱም አንድ ዘዴ ነው።

ይህን ነገር ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስፋፍቶታል። ተክል የሚያድገው በተትረፈረፈለት ነገር ልክ ሳይሆን በጎደለው ነገር ልክ ነው። ሌላውን ሁሉ ብታፈሺለት የጎደለው እስካልተሞላ ድረስ ንቅንቅ አይልም። እና እኔ የምጠይቅሽ ይህን ነው፣ እናቴ። የጎደለሽ በእርግጥ ምጣድ ነው? ምጣድ ያለው ሰው መብራት ይፈልጋል። መብራት ያገኘ ሊጥ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ፋሲካ ላይ አሥር ምጣድ ቢኖርሽ ኖሮ አሥር ምጣድ ሙሉ አፍለኛ እንጀራ ነበር የምታወጪው።

ከሁሉ ይልቅ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ እንሰት ነው። ከተማ ስለገባሽ የአያትሽን ጓሮ በደንብ አታስታውሺው ይሆናል። እናትሽን ካገባሁ በኋላ መጀመሪያ ጉራጌ አገር እምድብር የሄድኩ ጊዜ እኔ የእህል አገር ሰው ነኝ፣ እንሰት መጽሐፍ ላይ ነው የማውቀው። አንድ ጠዋት አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሦስት ዓመት የሆነው የሚያምር እንሰት ነቀሉ። ከአሚቾው፣ መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም አካሉ፣ በላይ ጥቂት ትተው ግንዱን ቆረጡት። ከዚያ ቢላዋቸውን አስገብተው መሃሉን፣ ልቡን፣ ፈልፍለው አወጡት። ባዶው ላይ አፈርና ፍግ ጠቀጠቁበት። ቀበሩት። እኔ በሆዴ «ምን ዓይነት ጥፋት ነው» አልኩ። አማች ስለሆንኩ ዝም አልኩ እንጂ ልከለክላቸው ነበር።

ከወራት በኋላ ስንመለስ የተቀበረበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ጫካ በቅሏል። ከአንዱ አሚቾ ስንት ችግኝ እንደወጣ ቆጠርኩ። ከስልሳ በላይ ሆነብኝና መቁጠሩን ተውኩት። አያትሽ ሳቁብኝ። ጫፉ እያለ ጎኑ አያቆጠቁጥም አሉኝ። ትምህርት ቤት ይህን ተምሬው ነበር፣ በእንሰት ግን አላሰብኩትም። የብዙ ተክል ጫፍ ወደ ታች የሚልከው ንጥረ ነገር አለ፣ የጎን ቡቃያዎቹን ያስተኛቸዋል። ጫፉ ሲነሳ የተኙት ሁሉ ይነቃሉ። እንሰቱ ውስጥ ስልሳ እንሰት ተኝቶ ነበር። ልቡ እያለ ግን አንድ ብቻ ነበር የሚሆነው።

ከዚያም ችግኙ እዚያው አይቀርም። ጉራጌ አገር እንሰት ደጋግሞ ይነቀላል፣ ሰፋ ባለ ቦታ ይተከላል። በተነቀለ ቁጥር ቅጠሉ ይገረጣል፣ ያቀረቅራል። ሳምንታት ሙሉ የሚሞት ይመስላል። መሬት ውስጥ አዲስ ሥር እየሰደደ ነው። ለቆጮ የሚደርሰው እንዲህ እየሆነ ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ሚሊዮኖች የሚበሉት ከዚህ ነው፣ ዝናብ ሲቀር እህሉ ሲከዳ እንሰቱ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ካልገባበት በቀር። አጠውልግ ደግሞ የሚገባው ብዙ ጊዜ ባልጸዳ ቢላዋ ነው፣ ከአንዱ ቆርጦ ሌላውን ሲቆርጥ። አያትሽ ለዚህ ነው ቢላዋቸውን በእሳት ይለበልቡ የነበሩት።

ይህን ሁሉ የምተርክልሽ ለምን እንደሆነ ገብቶሻል። ባለፈው አንቺ ዘንድ ስመጣ ሦስት ቀን አየሁሽ። ሊጡን የምታቦኪው አንቺ ነሽ። አብሲት የምትጥዪው አንቺ ነሽ። ደንበኛ ስልክ ሲደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምትነሺው አንቺ ነሽ። አብረውሽ ያሉት ሁለቱ ልጆች ምጣዱ ላይ ሊጥ ከማዞር በቀር ምንም ሲነኩ አላየሁም። ታናሽየዋ፣ ያቺ ዝምተኛዋ፣ ቡሃቃውን ስትከፍቺ ከኋላሽ ቆማ ታሸት ነበር። ሊጡ መድረሱን በማሽተት ትለይ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አዎ ጋሼ፣ ግን እሷ ናት የምትወስነው» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አብራሽ ናት። ጫፉ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ጎንሽ ያለው ሁሉ ተኝቷል። እሷ ሊጥ ማንበብ የቻለች ቀን ያለ አንድ ተጨማሪ ምጣድ አድገሻል። ያን ጊዜ ምጣዱም ይመጣል።

የእናትሽ ወገኖች ከተማ የገቡት እንዴት እንደሆነ እናትሽ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፣ ጠይቂያት። ከልጅነታቸው ሊስትሮ ሆነው፣ ዕቃ ተሸክመው፣ ጉልት ተቀምጠው ነው የጀመሩት። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አንዱ ሲቆም ሌላውን መሳቡ ነው። እቁቡ እንዲያ ነበር የሚሠራው። ሃያ ሰው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። አሥራ ዘጠኙ ሳምንት ምንም እንደሌለሽ ነው የሚሰማሽ። በአንዱ ሳምንት ዕጣ ይወጣልሽና ሱቅ ትከፍችበታለሽ። ሱቁ የተሠራው ግን በዚያች ሳምንት ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ እኩል የሚታመኑ ሃያ ሰዎች ስላሉ ነው። አንድ ሰው ቢከዳ ሁሉም ይፈርሳል። እነዚሁ ሰዎች በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ አዲስ አበባ ካለው ነጋዴና ቀን ሠራተኛ ብር እየሰበሰቡ ወደ አገራቸው የጠጠር መንገድ አስገቡ። ለመስቀል ወደ ቤታቸው በበቅሎና በእግር የሚሄዱ ሰዎች መኪና አስገቡ። መንገዱ ሲመረቅ የታየው ጠጠሩ ነው። ከጠጠሩ በፊት የተሠራው መተማመን ለማንም አልተመረቀም።

አንቺ ያለሽባት ከተማም እኮ በአንድ ሌሊት አልበቀለችም። በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ብዙ ሳትቆይ ማገዶ አለቀባት። ዙሪያዋን ያለው ጥድ ተመንጥሮ ሲያልቅ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። ያቆያት ባህር ዛፍ ነው። መነሻው አውስትራሊያ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባህር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል፣ ሌላ ነገር ከሥሩ አያበቅልም እያሉ ብዙዎች ያሙታል፣ እኔም ለማሳ አልመክረውም። ለዚያች ከተማ ግን ያን ጊዜ የጎደላት እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ማደጓን አላቆመችም። በ1976 ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት። በ1987 2.1 ሚሊዮን። በ1999 2.7 ሚሊዮን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ሊጥ ማቡካት አይችልም። እንጀራሽን የሚገዛው እሱ ነው። ደንበኞችሽ መምጣት የጀመሩት አንቺ ሳትወለጂ ነው ማለት ይቻላል።

ሁሉም እድገት ግን መልካም አይደለም፣ ይህንንም ሳልነግርሽ አላልፍም። ጣና ላይ እምቦጭ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው፣ እዚያ የሚበሉትና የሚቆጣጠሩት ነፍሳት አሉ። እኛ ጋ ማንም የለም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እስቲ አንድ ወሽመጥ አስቢ። እምቦጩ ግማሹን ሲሸፍን ሰው «ገና ግማሹ አለን» ይላል። የቀረው ግን ሁለት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ጀልባ አይሄድም፣ መረብ አይጣልም፣ ዓሣው አየር ያጣል። ሰው በየአቅጣጫው መጥቶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይቼ አልቅሻለሁ። አንዳንዱ እኩያሽ እንዲህ ያድጋል። ብድር በብድር ላይ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ። ከላይ አበባ አለው። ሁሉም እንዲያ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ብዙዎቹ ለፍተው ነው። እኔ ግን አንቺን ከማንም ጋር አለካክሽም።

መለካት ካልን፣ የጓዳው በር መቃን ላይ በእርሳስ ያሰመርኩልሽ መስመሮች ዛሬም አሉ። ቤቱን ቀለም ስናስቀባ ያን መቃን እንዳይነኩት ነገርኳቸው። ትናንት ሄጄ አየሁት። ስድስት ዓመት ሲሆንሽና ከዚያ በኋላ በሦስት ወር የለካሁሽ መስመር አንድ ላይ ነው፣ እርሳሱ ተደራርቧል። ያን ቀን ተቆጥተሽ «ድጋሚ ለካኝ» አልሽኝ። ድጋሚ ለካሁሽ። ያው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ሚሼል ላምፕል የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችውን አንብቤ ነበር። ሕፃናትን በየቀኑና በየሳምንቱ እየለካች ተከታተለች። ልጅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያድጋል ብለን ነበር የምናስበው። እሷ ያገኘችው ሌላ ነው። አብዛኛውን ቀን ሕፃኑ አንዲት ጸጉር ታህል አይረዝምም። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ይዘላል። እናትሽ ደግሞ «ልጅ የሚያድገው ሲተኛ ነው» ትል ነበር፣ አትነሺ እያለች ስታስተኛሽ። እሷም ልክ ናት፣ የሚያሳድገው ሆርሞን አብዝቶ የሚወጣው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። አንቺ ግን ከመቼ ጀምሮ ነው በደንብ ያልተኛሽው? ባለፈው ሳይሽ ዓይንሽ ሥር ጠቁሮ ነበር። እናትሽ እንዳትጨነቅ ብዬ አልነገርኳትም።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። መናኸሪያ መምጣት የለብሽም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ እይዛለሁ፣ ዘንድሮ ከበቾ የመጣ ነው፣ ጥሩ ነው። እናትሽ ቅቤና ጎመን ታስይዘኛለች፣ ቆጮም አለ። ሐሙስ ማታ ሊጡን ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ታቡካው። አንቺ አትንኪው፣ አትክፈቺው፣ አትይው። እርሾውን ስንት እንደምታደርግ፣ መቼ እንደደረሰ፣ ውሃውን መቼ እንደምትደፋ እሷ ትወስን። ሲደርስ እኔ እሸትተዋለሁ፣ ከሷ ጋር እንነጋገራለን። ቢበላሽም የአንድ ቀን ሊጥ ነው፣ ዱቄቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ሌሊቱን እኔ ቡሃቃው አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ ሽማግሌ እንደሆነ እንቅልፍ የለውም። አንቺ ግን ትተኛለሽ።

አባትሽ
ወልቂጤ